የተቋጠረው ነጭ ሽንኩርት

ሙኒሳ ሰው ማመን የተወችው በሁለተኛው እጮኛዋ ነው። የመጀመሪያው ለሥራ ብሎ ራሺያ ሄደና እዚያው አግብቶ ቀረ፤ ያኔ አልቅሳ ወጣላት። ሁለተኛው ግን ወንዝ እንኳ አልተሻገረም። ሽማግሌ ልኮ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ የሙሽራ ጨርቅ ሁሉ ተለክቶ ካበቃ በኋላ እናቱ መጣችና «ልጄ ሐሳቡን ለውጧል» ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ምክንያቱን እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደርሽ?» ያላትን ሁሉ ምን ፈልጎ ነው እያለች የምታብሰለስል ሴት ሆነች። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩሱን ስትመርጥላት፣ ጀርባው አሮ ይሆናል ብላ ትገለብጠዋለች። ጎረቤት በሳህን አፕሪኮት ሲልክላት ትል ትፈልግበታለች። አንዳንዴ ደግሞ ታገኛለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ ያስቀናል።

የምታምነው ነገር ቢኖር የጓሮዋን ነጭ ሽንኩርት ነበር። በረዶ ሳይጥል ትልልቁን ፍሬ መርጣ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋ ትተክልና ገለባ ታለብሰዋለች። በረዶው ሲቀልጥ አረንጓዴው ብቅ ይላል። «ይኼ እንኳ ቃሉን ይጠብቃል» ትላታለች አክስቷን ማስቱራን። ማስቱራ የአባቷ እህት ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞተችና አባቷም በየዓመቱ ለሥራ ከአገር ስለሚወጣ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ሙኒሳ እንደ አገሩ ልማድ «አማጆን» ነው የምትላት።

አማጆን ማስቱራ በበኩሏ አጥብቃ የምታምነው አንድ ነገር ነበራት፤ አንድ ክፉ ሰው የሙኒሳን ዕድል እንዳሰረባት። ማን እንደ ሆነ ብቻ ገና አልደረሰችበትም።

ፋሪዱን የመጣው በረዶው በቀለጠ ሰሞን ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ እንደ አያት «ቦቦ» የምንላቸው ቦቦ ሳንጊን፣ ጣራቸው ተሰንጥቆ ያፈስባቸው ስለ ነበር የእህታቸው ልጅ ሊጠግንላቸው ከላይኛው ወንዝ፣ ሳርቺናር ከሚባል መንደር ወረደ። እኛ የታችኞቹ ደግሞ የላይኛውን ወንዝ ሰው እንፈራዋለን። ወሬ አያበዙም። ዝም የሚል ሰው በልቡ አንድ ነገር ይደግማል ተብሎ ይታማል።

ሙኒሳ መጀመሪያ ያየችው ቦዩ ላይ ነው። ውሃ የሚለቀቀው በተራ ነው፤ የዚያን ማለዳ ተራው የቦቦ ሳንጊን ነበር። አካፋዋን ይዛ ስትወጣ ቀጭን ውሃ በጭቃው አጥር ሥር ሾልኮ ወደ እሷ መደብ ይገባል። አንድ ረዥም ሰው ማዶ ላይ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእጁ ይመራል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

ቀና አለ። ጉንጩን ጭቃ ነክቶታል። «ውሃ እያጠጣሁ።»

«እሱ እኮ የእናንተ አይደለም፤ የኛ መደብ ነው።»

«አውቃለሁ። የኛ ጠግቧል፤ የእናንተ ጠምቶታል።»

«መጠማቱን ማን ነገረዎት?»

«ጫፉ። ቢጫ ብሏል። ካላመኑኝ ይዩት።»

አየችው። እውነቱን ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራት።

«ነገ ውሃችንን ሰረቁን ብላችሁ ልትከሱን ነው አይደል?»

ሰውየው አካፋው ላይ ተደግፎ ትክ ብሎ አያት። «እህቴ፣ ውሃ የሚሰጥዎትን እንዲህ ከተቆጡ የሚነጥቅዎትን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እሱንም በዚሁ አካፋ ነው።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቤት ከገባች በኋላ ግን መስታወት ፊት ቆማ ሻሿን አስተካከለች። ለምን እንዳስተካከለች ራሷን ጠየቀች፤ የራሷንም መልስ አላመነችውም።

ሙቀቱ እየበረታ ሲመጣ ነጭ ሽንኩርቱ የአበባ ዘንጉን እንደ በግ ቀንድ ጠምዝዞ አወጣ። ዘንጉ በጊዜ ካልተቆረጠ የሥሩን ጉልበት ይበላዋል። ሙኒሳ ጣቷ እስኪቆስል በጥፍሯ እየቆረጠች ቅርጫት ስትሞላ ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

«ይጥሉታል እንዴ እሱን?»

«ለምን ጠየቁ?»

«ከእንቁላል ጋር ሲጠበስ አጎቴ ነፍሳቸው ነው።»

«ከእንቁላል ጋር ብቻ?»

«ከሌላ ከምን ጋር ይሁን?»

«እኔ እንጃ። የላይኛው ወንዝ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል ይባላል።»

«እውነት ነው» አለ ፋሪዱን ፊቱን ሳያፈታ፤ «እንቁላል መጥበስም እናውቃለን።»

በዚህ ጊዜ ሳቋ አመለጣት። ቅርጫቱን በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠችው። በማግስቱ ቅርጫቱ የደረቀ እንጆሪ ሞልቶበት ተመለሰ። ሙኒሳ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ስትገላብጠው ከጣራው ላይ ሳል ሰማች።

«ትል የለበትም» አላት ከላይ ሆኖ፤ «እንደምትፈልጊ ስለ ገባኝ ቀድሜ ፈልጌዋለሁ።»

አንቺ አላት። እሷም አላረመችውም።

ከዚያ ወዲህ እሷ አረም ስትነቅል እሱ ጭቃ የሚያቦካው አጥሩ ሥር ሆነ። ጭቃው ለምን እዚያ ብቻ እንደሚቦካ ቦቦ ሳንጊን አልጠየቁም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ያውቁታል። አንዳንዴ ያወራሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም አይከብድም ነበር። አንድ ቀን ስለ ሁለቱ እጮኞቿ ነገረችው። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«እኔንስ ትጠረጥሪኛለሽ?» አላት።

«ከሁሉም በላይ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም ክፉ ነገር ስላላደረግከኝ ነው።»

እጁ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። እሷም ቅጠል የምታይ መስላ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። ወዳዋለች። ይህን ለራሷ ስትነግረው ደስ ከማሰኘት ይልቅ አስደነገጣት። የሚወሰድባት ነገር አገኘች ማለት ነዋ!

የታችኛው ቅጠል ቢጫ ማለት ሲጀምር ሙኒሳ የመደቡን ቦይ ደፈነች። ነጭ ሽንኩርት ሊነቀል ሲል ውሃ አይወድም፤ ልጣጩ ጠብቆ እንዲደርቅ አፈሩም መድረቅ አለበት። እንዲህ አድርጋ ትታው ከአክስቷ ጋር ለዘመድ ሠርግ ወደ ፓንጃኬንት ከተማ ወረደች።

ሲመለሱ ቀድማ ጓሮ የገባችው አማጆን ማስቱራ ናት። ጩኸቷን መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«አስተግፊሩላህ! ኧረ የሰው ያለህ! ሙኒሳ፣ ነይ እዪ!»

ሙኒሳ ሮጣ ደረሰች። የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል በሙሉ፣ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። ቋጠሮ በሰልፍ። እኛ አገር ቋጠሮ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። የሴት ልጅ ዕድል ሲታሰር በክርም በፀጉርም ተቋጥሮ ነው፣ እፍ ተብሎበት። ይኼ ግን አንድና ሁለት አይደለም፤ መደብ ሙሉ ነው።

«ደረሳችሁ?» አለ ፋሪዱን ከጣራው ላይ። ጥርሱ ሁሉ ይስቅ ነበር። «አያችሁት መደቡን?»

ሙኒሳ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ!» ብሎ በደስታ መሰላሉን ወርዶ አጥሩ ጋ መጣ።

ለምን ብላ ብትጠይቀው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ሙኒሳ ግን ከተከዳች ወዲህ መጠየቅ ትታለች፤ በራሷ ነው የምትደርስበት። የሁለተኛው እጮኛዋ እናት በሐሳቧ መጣችባት፣ ሻይዋን ሳትጨርስ የሄደችው። ውሃው፣ እንጆሪው፣ አጥሩ ሥር የሚቦካው ጭቃ ተራ በተራ መጣባት። ሁሉም ለዚህ ኖሯል አለች በልቧ።

«ማን ነው እርስዎን የላከዎት?»

ፈገግታውን ያጠፋችው ያቺ «እርስዎ» ናት። ፋሪዱን መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ቋጠሮውን፣ ቀጥሎም ክታቧን የጨበጠችውን ማስቱራን አየ። ቀስ እያለ ገባው።

«ሙኒሳ፣ ስሚኝ፤ እኛ ዘንድ ነጭ ሽንኩርት…»

«እንዳትሰሚው!» ጮኸች ማስቱራ፤ «ድግምቱ እኮ አፉ ላይ ነው! ጆሮሽን ድፈኚ!»

ያቺ አገር ምድሩን የምትመረምር ሙኒሳም፣ ትልቅ ሴት፣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፈነች። ፋሪዱን አያት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨመረም።

አማጆን ማስቱራ ቁርኣን እየቀራች ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታችው። በዚያ አልበቃትም፤ የመስጊዱ ሙላ የቀሩበትን ውሃ በእንስራ አመጣች። ለመደቡ ሁሉ እንዲዳረስ ከቦዩ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ መልቀቅ አለበት አለች፤ ያውም በየማለዳው፣ ድግምቱ እስኪታጠብ ድረስ።

«አማጆን፣ አሁን ውሃ አይነካውም እኮ። ሊነቀል ነው፤ ይበላሽብናል።»

«ሽንኩርቱ ይበልጥብሻል ወይስ ዕድልሽ?»

ነጭ ሽንኩርት የምታውቀው ሙኒሳ ተቃወመች፣ የተከዳችው ሙኒሳ ግን ፈራች። የደፈነችውን ቦይ በገዛ እጇ ከፈተችው።

ፋሪዱን ጣራውን ቶሎ ጨርሶ ወደ ላይ የሄደ ዕለት እሷ ከግቢው በር ጀርባ ቆማ ነበር። ኮቴው መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ራቀ። ለምን ቆመ? ምን ቀበረ? መንገዱ ጭር ሲል ወጥታ ደጃፉን በአካፋ ቆፈረች። አፈር ነበር፣ ከሥሩም አፈር። ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ነጭ ሽንኩርቱ ሲነቀል ራሱ አብጦ፣ ልጣጩ ተሰንጥቆ ወጣ። አይታ እንዳላየች ሆነች። አፈሩን አራግፋ፣ በየአገዳው አስራ በረንዳው ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ በኋላ ሽቅብ ማየት ተወች። አጥሩንም ማየት ትታለች።

የወይን ፍሬው ሲደርስ አማጆን ማስቱራ ሦስተኛ እጮኛ አገኘችላት፤ የጓደኛዋ ዘመድ ልጅ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁ አክስቶች ቤት ሊያዩ መጡ። ቤት ማየት ማለት ሙያ ማየት ነው፤ ጎተራ ይታያል፣ ማሰሮ ይከፈታል። ከሴቶቹ አንዷ በረንዳው ላይ ቆማ ቀና አለች።

«ነጭ ሽንኩርቷ እንዴት ትልልቅ ነው!» ብላ እጇን ዘርግታ አንዱን ራስ ጨበጥ አደረገችው።

አውራ ጣቷ ልጣጩን በስቶ ገባ። ቡናማ ውሃ እስከ ክንዷ ወረደ፣ ሽታው በረንዳውን ሞላው። ሌላውን ነካች፤ እሱም እንደዚያው። ሴቶቹ ተያዩ። እጅ ታጠቡ፣ ለሻዩ አመሰገኑ፣ ሄዱ።

«ይኸው!» አለች ማስቱራ ጭኗን እየመታች፤ «አልተፈታም! አሁንም እንደ ታሰርሽ ነሽ!»

ሙኒሳ ከእስሩ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችው፤ የዓመት ልፋቷን። እንዲህ አድርጎ የሚያበሰብሰው ምን እንደ ሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«አማጆን» አለች ቀስ ብላ፤ «ይኼን ያበሰበሰው ቋጠሮ አይደለም። ያጠጣነው ውሃ ነው። እያወቅኩ፣ በእጄ።»

ዕለቱን የቦቦ ሳንጊንን በር አንኳኳች። ሽማግሌው የሚወዱትን የእህታቸውን ልጅ ከሸኙ ወዲህ ሰላምታዋን በአፍንጫቸው ነበር የሚመልሱት።

«ቦቦ፣ ያ ቋጠሮ ምን ነበር?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?» አሉ። ቆይተው ግን ራሩላት። «እኛ በተወለድንበት በላይኛው ወንዝ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲል ይቋጠራል። ሽቅብ ማደጉን ይተውና ሥሩ ይሞላል ይባላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቋጥር ነው የኖረችው። ዕድሏ ታስሮ ይሆን እንዴ? ዘጠኝ ልጅ ወልዳለች።»

ሙኒሳ መሬት መሬት አየች። «ወደ ሳርቺናር መቼ ይሄዳሉ?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ዘር ልገዛ። የተከልኩት ሁሉ በስብሶ ለዘር የሚሆን አልቀረልኝም።»

«ዘር ገበያም አለ።»

ሙኒሳ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ለዘር ብቻ አይደለም፣ ቦቦ።»

«እህ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲያ በይኛ!»

ቦቦ ሳንጊን ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ባገኙ ዕለት አማጆን ማስቱራም ልጄን ለብቻዋ አልሰድም ብላ አብራ ገባች። መንገዱን ሙሉ ክታቧን እንደ ጨበጠች ነው የደረሰችው።

የፋሪዱን እናት ቀጭን፣ ዓይኗ ሰው የሚበሳ ሴት ናት። ወንድሟን አቀፈች፣ እንግዶቹን ከእግር እስከ ራስ አየች፣ ማን እንደ ሆኑም ሳይነግሯት ገባት። ሻይ ቀዳች። ማስቱራ የሻይ ስኒዋን ይዛ የቤቲቱ ባለቤት ቀድማ እስክትጠጣ ትጠብቃለች፣ አትጠጣም።

«ይጠጡ እንጂ እህቴ» አለች የፋሪዱን እናት። «መርዝ የለበትም። ድግምትም አልጨመርንበት፤ ዛሬ አልቆብናል።»

ቦቦ ሳንጊን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሙኒሳ ግን ቀና ብላ ጣራውን እያየች ነበር። የዚያ ቤት ነጭ ሽንኩርት ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ሥር ተሰቅሏል፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ ነፋሱ ሲነካው እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ።

«ልጄ የት ነው አትይኝም?» አለቻት እናቲቱ። «ወይስ እሱንም በራስሽ ትደርሽበታለሽ?»

«የት ነው?» አለች ሙኒሳ።

«ጓሮ። እየተከለ ነው።»

ፋሪዱን መደቡ ላይ ተንበርክኮ ፍሬውን አንድ በአንድ አፈር ውስጥ ይሰካል። ጥላዋን ሲያይ ቆመ። ከስቷል። እጁን ወዴት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

«ዘር ልትገዢ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ አሁን አመንሽኝ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሙኒሳ ግን ለዚህ ሰው መዋሸት አልፈለገችም።

«እንዴት እንደሚታመን ጠፍቶኛል» አለችው። «ነገ ብትዘገይ የት ነበርክ እልሃለሁ። ዝም ብትል ምን ደበቀኝ እላለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ያለሁት። ግን እወድሃለሁ፣ ፋሪዱን። እየጠረጠርኩህም እወድሃለሁ። ከሄድክ ወዲህ የጓሮ በር መክፈት አስጠልቶኛል።»

ፋሪዱን ጎንበስ ብሎ በእጁ የቀረውን ፍሬ ሰካና ቀና አለ።

«መጠርጠርሽ አይደለም እኮ የጎዳኝ» አላት። «አለመጠየቅሽ ነው። ጠይቀሽኝ ሳታምኚኝ ብትቀሪ ይሻለኝ ነበር።»

«አሁን ብጠይቅህስ?»

«ጠይቂኝ።»

«ለምን ሳትነግረኝ ቋጠርከው?»

ዓይኑን ወደ አፈሩ መለሰ፤ እንዳፈረ ልጅ። «ጣትሽ ቆስሎ ነበር፣ ያን ዘንግ ስትቆርጪ። ከሠርግ ስትመለሺ ሥራው አልቆ ብታገኚው ደስ ይልሽ ይሆናል ብዬ ነው። ያለ ምንም ሐሳብ አንድ ጊዜ ስትስቂ ማየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረውም።»

ሙኒሳ እንባዋ መጣ። ሳቋም አብሮ መጣ፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ሌላ ጥያቄ አለኝ።»

«እሺ።»

«ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?»

ፋሪዱን ደንግጦ አያት፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «ሽማግሌውንማ ይዘሻቸው መጣሽ። ያውልሽ፣ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አማጆን ተነሥታ እንሂድ ሳትል!»

ፋሪዱን እጁን ሳይታጠብ፣ አፈሩን በሱሪው እየጠረገ፣ ወደ በረንዳው ሮጠ። ሙኒሳም ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በጆሮዋ ልትሰማ ተከትላው ሮጠች።